መብራት ሲመለስ የሚነሳው ማነው?

በሊነክስ ሰርቨር ላይ ሁለት ትእዛዞች አሉ። አንደኛው «ስታርት» ነው፣ ሁለተኛው «ኢኔብል»። «ስታርት» ስትሉት አገልግሎቱ አሁኑኑ ሥራ ይጀምራል። «ኢኔብል» ስትሉት ደግሞ ማሽኑ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር አገልግሎቱም አብሮት እንዲነሳ ታዛላችሁ። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ስታርት ተደርጎ ኢኔብል ያልተደረገ አገልግሎት ዛሬ እንደ ጤነኛ ይሠራል። ነገም ይሠራል። መብራት ሄዶ እስኪመጣ ድረስ ምንም የጎደለው አይመስልም። ከዚያ በኋላ ግን የለም። አይጮህም፣ የስህተት መልእክት አይጽፍም፤ ዝም ብሎ አይነሳም።

በዚች አገር «ዲጂታል» እየተባለ ሪባን የሚቆረጥለት ነገር አብዛኛው ስታርት የተደረገ እንጂ ኢኔብል የተደረገ አይደለም። ክርክሬ ይቺው ናት። ክርክሩ ከሦስት ወገን ጋር ነው፦ ዕቃ አድርሶ ፎቶ ተነስቶ ከሚመለሰው የፕሮጀክት ሰው፣ «ሁሉም ነገር ክላውድ ላይ ይሁን» ከሚለው የአዲስ አበባ ቢሮ፣ እና ከራሴ የሙያ ጓደኞች፤ ማለትም ቤታችን ውስጥ ሰርቨር አቁመን ስክሪንሾት ከምንለጥፈው ሶፍትዌር ሠሪዎች።

ለክርክሩ የሚሆን ቦታ ልምረጥ፦ መካነ ሰላም። የቦረና ወረዳ ከተማ ናት፤ የደቡብ ወሎው ቦረና ማለቴ ነው። ከደሴ ተነስታችሁ በአቀስታ አድርጋችሁ ደጋውን ወደ ምዕራብ ስታቋርጡ ታገኟታላችሁ። ከእሷ ወዲያ አገሩ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ከዓባይ ማዶ ጎጃም ነው። ከተማዋ ውስጥ ተማሪ አለ፣ መምህር አለ፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢም እዚያው ነው። ሰርቨር የሚጠቀም ሰው ሞልቷል ማለት ነው። ግን ደግሞ የሆነ ነገር ሲበላሽ ቴክኒሽያን ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ዛሬውኑ የሚደርስባት አይደለችም። አንድ ሥርዓት በእርግጥ ኢኔብል መደረጉን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የማይታዩት ሠራተኞች

«ሰርቨር» ስል አንድ ክፍል ሞልቶ የሚያጓራ ማሽን እንዳይመስላችሁ። መዳፍ የምታህል ራስበሪ ፓይ ወይም ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። አንድ መምህር ቤት መደርደሪያ ላይ ወይም ላይብረሪ ጥግ ይቀመጣል። ኢንተርኔት ሳይኖረው ዋይፋይ ይለቃል። በስልኩ የተገናኘ ተማሪ ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ውክፔዲያ ያነባል፣ ኮሊብሪ በሚባለው የካን አካዳሚን ቪዲዮ ያያል፣ መምህሩ ያስቀመጠውን ወርክሺት ያወርዳል። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት አካባቢ ነው፤ አንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይገባል። ሶፍትዌሩ በሙሉ ነጻ ነው።

እዚህ ድረስ ያለውን ማንም ያደርገዋል። ዩቲዩብ ላይ በአንድ ከሰዓት ትማሩታላችሁ። ከባዱ ነገር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

በዚያች ትንሽ ማሽን ውስጥ ማንም የማያያቸው ሠራተኞች አሉ። አንዱ የዋይፋዩን ስም ያውጃል። አንዱ ለመጣው ስልክ ሁሉ አድራሻ ያድላል። አንዱ ስም ሲጠየቅ ወደ ቁጥር ይመነዝራል። አንዱ ገጹን ያቀርባል። አንዱ ሰዓት ይጠብቃል። እነዚህን በዩኒክስ ዓለም «ዲመን» ይሏቸዋል። ስሙ በኤምአይቲ ፕሮግራመሮች ዘንድ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ የወሰዱትም የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል ከፈጠረው ምናባዊ ፍጡር ነው፤ ሳይታይ ሞለኪውል ሲለይ ከሚውለው። አማርኛ እንፈልግለት ካልን «ጋኔን» ከማለት ይልቅ «ውቃቢ» ይቀርበዋል። ቤት የሚጠብቅ፣ የማይታይ፣ ችላ ካሉት ግን የሚሸሽ። ሰው ሲጎሳቆል «ውቃቢው ራቀው» እንል የለ? ውቃቢ የራቀው ሰርቨርም አለ። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ውስጡ ግን ማንም የለም።

መብራት ሄዶ መጣ

ውቃቢው እንዴት እንደሚርቅ በዝርዝር ላሳያችሁ፤ ምክንያቱም «ቴክኖሎጂ እኛ አገር አይሠራም» የሚለው ስንፍና የሚያድገው ዝርዝሩ ስለማይነገር ነው።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ማሽኑ ተነሳ። መጀመሪያ የሚሳሳተው ሰዓቱ ነው። ራስበሪ ፓይ 4 እና ከእሱ በፊት የወጡት ሁሉ በራሱ ባትሪ የሚቆጥር ሰዓት የላቸውም። ትክክለኛውን ሰዓት የሚጠይቁት ከኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ከመጥፋታቸው በፊት ከነበሩበት ይቀጥላሉ። ስለዚህ ለማሽኑ አሁንም ገና አራት ሰዓት ነው። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከአንድ ወር በኋላ ስንት ቀን እንደተሳሳተ ማንም አያውቅም። ተማሪ ፈተና ያስገባበት ቀን፣ መምህሩ ውጤት የመዘገበበት ሰዓት፣ ሁሉም ውሸት ይሆናል። መድኃኒቱ የአዝራር ባትሪ ያላት ትንሽ የሰዓት ቁራጭ ናት። በጀት ውስጥ የሚያስገባት ግን የለም።

ቀጥሎ ዲስኩ። ውክፔዲያው ያለው በዩኤስቢ በተሰካ ዲስክ ላይ ነው እንበል። ዲስኩ ለመንቃት ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል። ገጽ አቅራቢው አገልግሎት ግን ቀድሞ ይነሳና መጽሐፉን ያጣዋል፣ ይወድቃል። «ሲወድቅ መልሰህ አንሳው» ብላችሁ አዛችሁት ይሆናል፤ ጎበዝ። ግን አብዛኛው ሊነክስ ላይ አገልግሎቶችን የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ አንድ ልማድ አለው፦ እናንተ ካልቀየራችሁት በቀር አንድ አገልግሎት በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ተነስቶ ከወደቀ ተስፋ ይቆርጥበታል። በሙከራና በሙከራ መካከል የሚጠብቀው ደግሞ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ዲስኩ ሳይነቃ አምስቱም ሙከራ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሰው እስኪነካው ድረስ ያው ወድቆ ይቀራል። መድኃኒቱ ሁለት መስመር ነው፤ አንዱ «ይህ ዲስክ ሳይመጣ አትነሳ» የሚል፣ ሌላው «ስትወድቅ 30 ሰከንድ ጠብቀህ ሞክር» የሚል። ሁለት መስመር! አንድ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ሙሉ ዲጂታል ላይብረሪ አለው ወይም የለውም የሚባለው በእነዚህ ሁለት መስመሮች ነው።

ሦስተኛው ሚሞሪ ካርዱ ነው። ማሽኑ በየደቂቃው ማስታወሻ እየጻፈበት ሳለ ኃይል ሲቋረጥ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። አንዴ ያልፋል፣ ሁለቴ ያልፋል፣ አንድ ቀን ግን ማሽኑ ጭራሽ አይነሳም። ማስታወሻው ካርዱ ላይ ሳይሆን ጊዜያዊ ሚሞሪ ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ይቻላል። ይህም ያው የአንድ መስመር ሥራ ነው።

አራተኛው ስልኩ ነው፤ ይሄ ደግሞ ሰርቨሩ ፍጹም ጤነኛ ሆኖም ይከሰታል። የአንድሮይድ ስልክ ዋይፋይ ላይ ሲገናኝ ኢንተርኔት መኖሩን ራሱ ይመረምራል። ከሌለ «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ያሳውቅና አንዳንዴ ሳይነግራችሁ ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳል። ልጁ «አይሠራም» ብሎ ይሄዳል። እሱ ምን ያድርግ? ስልኩ ነው የነገረው። ግድግዳው ላይ «ኢንተርኔት የለም ሲላችሁ አዎ በሉት፤ ዳታ አጥፉ፤ ይህን አድራሻ ክፈቱ» የሚል አንድ ወረቀት በአማርኛ ቢለጠፍ ኖሮ ያልቅ ነበር።

ልብ በሉ፤ ከአራቱ አንዱም «የኋላ ቀርነት» ችግር አይደለም። አንዱም ውድ አይደለም። አራቱም የሚታወቁ፣ መድኃኒታቸው የተጻፈ ነገሮች ናቸው። የጎደለው ሠሪው መብራት የሚሄድበትን ቀን እያሰበ መሥራቱ ነው። ለመብራት መጥፋት ያልተዘጋጀ ሰርቨር ለኢትዮጵያ አልተሠራም። «መብራት ሄዶ ነው እንጂ ይሠራ ነበር» የሚባል ነገር የለም። ጣሪያ «ዝናብ መጥቶ ነው እንጂ አያፈስም ነበር» ተብሎ ይመሰገናል እንዴ?

በክፍሉ በኩል የሚያልፍ ትምህርት

ለሪባን ቆራጮች ታሪክ ላስታውሳቸው። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ መጣ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በሳተላይት ተልኮ፣ በመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይታያል። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ይነግሯችኋል። መምህሩ ማስቆም አይችልም፣ መመለስ አይችልም። ተማሪው አንድ ዓረፍተ ነገር ካመለጠው አመለጠው። መብራት ከሄደ ትምህርቱ አይጠብቅም፤ ሲመለስ ቀጣዩ ምዕራፍ ላይ ደርሷል። ትምህርቱ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ በክፍሉ በኩል ነበር የሚያልፈው።

ያ ስሕተት ገንዘብ አጥተን ያደረግነው አይደለም። ስክሪን ተገዝቷል፣ የሳተላይት ዲሽ ተተክሏል፣ ስኩልኔት የሚባል አገራዊ ኔትወርክ ተዘርግቷል፣ ለወረዳ መስተዳድሮች ደግሞ ወረዳኔት። ስሕተቱ የሐሳብ ነበር፦ እውቀት ማእከል ላይ ይቀመጣል፣ ጠረፍ ላይ ያለው ደግሞ ይቀበላል የሚል። መምህሩ የመሣሪያው ጌታ ሳይሆን ከመሣሪያው አጠገብ የሚቆም ሰው ሆነ።

ዛሬ ያንኑ ሐሳብ ስሙን ቀይረን «ክላውድ» እንለዋለን። መምህሩ ሃንድአውቱን በቴሌግራም ይልካል። ከእሱ ሃያ ሜትር ርቆ የተቀመጠው ተማሪ ያንን ፋይል ለማግኘት መረጃው ከመካነ ሰላም ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ተመልሶ መምጣት አለበት። ሁለቱም ዳታ ይከፍላሉ። አርባ ተማሪ ካለ ያው ፋይል አርባ ጊዜ ባሕር ይሻገራል። እህሉን የሚያስፈጭ ሰው ሰፈሩ ወፍጮ ቤት እያለ ጤፉን አዲስ አበባ ልኮ ዱቄቱን በፖስታ የሚቀበል ቢሆን ምን እንለዋለን?

ይህ መንገድ ደግሞ ይዘጋል። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ታገዱ፤ ለአምስት ወር ገደማ ያለ ቪፒኤን የሚከፈት አልነበረም። እሱ ሳይረሳ ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ፣ ለወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። ይህ ሁሉ ሲሆን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሰርቨር ያድነን ነበር የምል ሞኝ አይደለሁም። ግን ያኔ አንድ የደጋ ተማሪ ሃንድአውቱን፣ የቆየ ፈተናውን፣ ቪዲዮውን ሁሉ ያጣው ፋይሎቹ ስለጠፉ አልነበረም። ፋይሎቹ በሙሉ ደኅና ነበሩ። ከእሱ ጋር አልነበሩም እንጂ።

ስለ «ከእኛ ጋር አለመሆን» ይህ አካባቢ ከማንም በላይ ያውቃል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ አፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍት ተዘረፉ። ወደ 350 የሚጠጉት ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በርካታዎቹ ዲጂታል ተደርገው በኢንተርኔት ተለቀቁ፤ ሰዎችም «በቃ ተመለሱ፣ ማንም ማየት ይችላል» አሉ። ከዚያ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የብሪቲሽ ላይብረሪ ሰርቨሮች በራንሰምዌር ተመቱ፤ የዲጂታል ብራናዎቹ ገጽ ለረጅም ጊዜ ጠፋ። አስቡት እንግዲህ፦ በዚያው ወር ለንደን ያለው ሰርቨር ወድቋል፣ እዚህ ያለው መስመር ተቆርጧል። በመቅደላ ስም የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የመቅደላን ብራና ለማየት ሁለት በር ነበረበት፣ ሁለቱም ተዘግተዋል። ምስሎቹ ተቀድተው አንድ ዲስክ ላይ መካነ ሰላም ወይም ቱሉ አውሊያ ግቢ ቢቀመጡ ኖሮ ሁለቱም በር አያስፈልገውም ነበር። ብራናውን የማስመለሱ ክርክር ይቀጥል፤ ቅጂውን ለማስቀመጥ ግን ዲስክ እንጂ የፓርላማ ውሳኔ አያስፈልግም።

ሃያ አገልግሎት፣ ዜሮ ተጠቃሚ

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ክላውዱን የሚቃወም ወጣት ፕሮግራመር አለ፤ እንደ እኔ ያለ። ቤቱ ውስጥ ሦስት ራስበሪ ፓይ ደርድሮ ኩበርኔቲስ ይጭናል። የፊልም ሰርቨር፣ የፎቶ ሰርቨር፣ የማስታወቂያ መከልከያ፣ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ፣ ሁሉንም የሚከታተል ዳሽቦርድ፣ ዳሽቦርዱን የሚከታተል ሌላ ዳሽቦርድ። ሃያ አገልግሎት ይሮጣል። ተጠቃሚው አንድ ነው፤ እሱም ዳሽቦርዱን ነው የሚያየው። ለመማር ከሆነ ይሁን፣ ማንም ከዚያ ነው የሚጀምረው። ችግሩ ይህንኑ ልማድ ይዘን ትምህርት ቤት ስንሄድ ነው።

እያንዳንዱ ከበስተጀርባ የሚሠራ አገልግሎት የሚሰማበት በር አለው። ሃያ አገልግሎት ሃያ በር ነው፣ ሃያ የሚሞት ነገር ነው፣ ሃያ መታደስ ያለበት ፕሮግራም ነው። «ኤስኤስ» የምትባለውን ትእዛዝ ስጡና የራሳችሁን ማሽን እዩት፤ ማን እየሰማ እንደሆነ ትዘረዝርላችኋለች። ማተሚያ ሳይኖራችሁ የማተሚያ አገልግሎት ይሮጣል። ማንም ያልጠየቀው ፋይል ማጋሪያ ለመላው ዋይፋይ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። የራስበሪ ፓይ ሲስተም እስከ እ.ኤ.አ. 2022 ድረስ ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንድ ዓይነት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነበር ይዞ የሚመጣው። ካልተቀየረና ከርቀት መግቢያው ከተከፈተ አሥረኛ ክፍል ያለ ጎበዝ ልጅ በአምስት ደቂቃ ገብቶ የሰርቨሩ ባለቤት ይሆናል። ልጁን አደንቀዋለሁ፤ የጫነውን ሰውዬ ግን አላደንቅም።

ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፦ ስሙን ጠርታችሁ ለማን እንደሚሠራ መናገር የማትችሉትን አገልግሎት አጥፉት። አምስት ይበቃል። ዋይፋይ፣ አድራሻና ስም አዳይ፣ ገጽ አቅራቢ፣ የመምህራን ፋይል ማስቀመጫ፣ ለጠጋኙ ብቻ የሚከፈት የርቀት መግቢያ። ሰርቨሩ ማን ምን እንዳነበበም አይመዝግብ። ይህን በቀላሉ አትዩት። ሰው በሚፈራበት ዘመን ያልተጻፈ ነገር አይፈተሽም፣ አይወሰድም። ቤተ መጻሕፍት የአንባቢውን ገመና ካልጠበቀ አንባቢ አይመጣም።

ሰሞነኛ ያስፈልገዋል

«ማን ይጠግነዋል?» የሚለው ጥያቄ ላይ ነው ሁሉም ፕሮጀክት የሚሞተው። በእኛ ሙያ ሌሊት ሰርቨር ሲወድቅ የሚጠራ ተረኛ አለ፤ «ኦን-ኮል» እንለዋለን፣ ከሲሊከን ቫሊ የመጣ ትልቅ ግኝት ይመስል። ደጋው ላይ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ይህን ያውቁታል፤ ሰሞነኛ ይሉታል። የዚህ ሳምንት አገልግሎት የእነ እገሌ ነው፣ የሚቀጥለው የእነ እገሌ። ሰው ይሞታል፣ ይታመማል፣ ይሄዳል፤ ሰሞኑ ግን ባዶ ሆኖ አያድርም። የወሎ ቅሬም እንደዚሁ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማን ምን እንደሚያዋጣ፣ ቀብር ሲኖር ማን ምን እንደሚሸከም ያውቃል። ለዘመናት ሳይቋረጥ የሚሠራ አገልግሎት ማስተዳደር እንችላለን ማለት ነው። «ማኅበረሰቡ አቅም የለውም» የሚለው የሪፖርት ዓረፍተ ነገር ውሸት ነው። ማኅበረሰቡ የራሱ ያልሆነን ነገር አይጠብቅም፤ እሱ ደግሞ ትክክል ነው።

ሰርቨሩ የማን ነው? የድርጅቱ ስቲከር ተለጥፎበት፣ ንብረት ቁጥር ተጽፎበት፣ የይለፍ ቃሉ አዲስ አበባ አንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ካለ የትምህርት ቤቱ አይደለም። እንግዳ ነው። እንግዳ ሲታመም ዘመዱ ይጠራል እንጂ ቤተኛው ቀዶ አያክመውም። መምህሩ ቢነካውና ቢበላሽ ከደመወዙ ይቆረጥ ይሆናል። ስለዚህ አይነካውም፤ ቆልፎ ያስቀምጠዋል። ብልህ ሰው ነው።

ቤተኛ ለማድረግ የሚያስፈልገው ይህ ነው። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ፣ ታሽጎ ርእሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። የጥገናው መመሪያ አንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ማሽኑ አጠገብ ይለጠፍ። የሠራው ነገር በሙሉ የተቀዳበት ሁለተኛ ካርድ በፖስታ ውስጥ ይኑር፤ የመጀመሪያው ሲሞት ማንም ሰው አውጥቶ ይቀይረው። ኃይሉም ይታሰብ፦ 12 ቮልት፣ 50 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 600 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 300። ማሽኗ 6 ዋት ብትወስድ 50 ሰዓት ትቆያለች፤ ሁለት ቀን ከሁለት ሰዓት። ከአንድ ፕሮጀክተር ዋጋ የሚበልጥ ወጪ አይደለም። እና ሰሞነኛ ይመደብ፤ ሦስት ሰው፣ በስም። ከሦስቱ ቢያንስ አንዷ ተማሪ ትሁን።

ሰው የለም እንዳትሉኝ። ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማ ውስጥ አለ። እኛ ኢንጂነሪንግና ኮምፒዩተር የተማርን ሰዎች የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን እናውቀዋለን አይደል? «የተማሪዎች መረጃ ማስተዳደሪያ ሲስተም»፣ «የሆስፒታል ማስተዳደሪያ ሲስተም»፣ «የላይብረሪ ማስተዳደሪያ ሲስተም»። በላፕቶፓችን ስታርት አደረግነው፣ ለመምህራኑ አቀረብነው፣ ውጤት አገኘን፣ ፎልደሩን ዘጋነው። በየዓመቱ፣ በየዩኒቨርሲቲው። አንድም ሰው ተጠቅሞባቸው አያውቅም። እስቲ አንድ ዲፓርትመንት ይደፈርና እንዲህ ይበል፦ «የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ከግቢው ውጭ ባለ ትምህርት ቤት ውስጥ አምስት አገልግሎት አንድ ዓመት ሙሉ ማቆየት ነው። አዲስ ኮድ መጻፍ አይጠበቅባችሁም። ስንት ቀን እንደወደቀ፣ ለምን እንደወደቀ፣ ማን እንዳነሳው ትጽፋላችሁ።» ከዚያ የሚወጣው ተማሪ ከእኔ ይልቅ ኢንጂነር ነው።

«ታዲያ ኢንተርኔቱስ?»

አንድ መቃወሚያ ግን አለ፣ እሱን አልንቀውም። «ይህ ማጽናኛ ነው» የሚል ነው። ኢንተርኔት መብት ነው፤ ለደሴው ልጅ ኢንተርኔት፣ ለመካነ ሰላሙ ልጅ ሳጥን መስጠት ድህነትን ማስዋብ ነው። ሲዘጋ መጮህ እንጂ ለመዘጋቱ መዘጋጀት ዝጊውን ማመቻቸት ነው ይላሉ።

ግማሹ እውነት ነው። ሳጥኑ ኢንተርኔትን አይተካም። እናት አዲስ አበባ ካለ ልጇ ጋር አታወራበትም፣ ነጋዴ ብር አይልክበትም፣ የተፈጸመውን ነገር ለዓለም የሚናገር ሰው አይናገርበትም። መስመር ሲዘጋ መጮህ አለብን፣ ሰርቨር ያለውም የሌለውም። ነገር ግን ጉድጓድ ውሃ ያለው ሰው የቧንቧ ውሃ አይጠይቅም ያለው ማነው? ደግሞም መስመሩ ፈጣንና ክፍት ቢሆንም እንኳ የአንድ ክፍል ሃንድአውት ባሕር መሻገር የለበትም። አጠገብ ላለ ሰው የሚያስፈልግ ነገር አጠገብ መኖሩ የድሃ መፍትሔ አይደለም፤ ትክክለኛ ምህንድስና ነው። የሀብታም አገር ትልልቅ የቪዲዮ ድርጅቶችም ፊልሞቻቸውን ተመልካቹ አጠገብ ባለ ሰርቨር ላይ ቀድተው ነው የሚያስቀምጡት። እነሱ ሲያደርጉት «ካሽ» ይባላል፤ እኛ ስናደርገው ለምን «ማጽናኛ» ይሆናል?

ሌላው መቃወሚያ «የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው» የሚለው ነው። ይሄም እውነት አለው። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፍ አለው፣ የአማርኛው 15,000 ገደማ። ሳጥኑ ይህን አያስተካክልም። ግን መምህሩ በአማርኛ የጻፈውን ማስታወሻ፣ ተማሪዋ በድምፅ የቀዳችውን የአያቷን ታሪክ፣ የወረዳውን የእርሻ ባለሙያ ምክር ለማስቀመጥ ቦታ ይሰጣል። ቴሌግራም ላይ የወጣ ነገር በሦስት ቀን ከዓይን ይጠፋል። መደርደሪያ ላይ ያለ ይቆያል፤ የሚጠብቀው ካለ።

እንግዲህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ዲጂታል ላይብረሪ» ወይም «ስማርት ክፍል» ምረቃ ላይ ስትጋበዙ፣ ጭብጨባው ከመጀመሩ በፊት እጃችሁን አውጡና «ይቅርታ፣ አንዴ ከሶኬቱ ልንቀለው?» በሉ። ንቀሉት። አሥር ደቂቃ ጠብቁ። መልሳችሁ ሰኩት፤ ማንም ሰው እንዳይነካው። ከዚያ አንዱን ተማሪ በስልኩ ገጹን እንዲከፍት ጠይቁት። ከተከፈተ አጨብጭቡ። ካልተከፈተ ሪባኑን ጠቅልላችሁ መልሱላቸው፤ ገና አልተሠራም።